የተዘጋው ቢሮ የእኛም ልጆች ቢሮ ነበር

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የነበረ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። ጸሐፊው እንደ እኔው ቴክሳስ የሚኖሩ ሐበሻ ናቸው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ሌሎችም ስቴቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለዲኢአይ፣ ማለትም ለብዝኃነት፣ ለእኩልነትና ለአካታችነት ፕሮግራሞች ገንዘብ እንዳያወጡ በሕግ መከልከላቸው ትክክል ነው። የታክስ ከፋዩ ገንዘብ ይድናል። ከእንግዲህ ውድድሩ በችሎታ ብቻ ይሆናል። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርትና የተማሪዎች ማኅበራት አልተነኩም። ፕሮግራሞቹ ያመጡት ውጤትም የለም። ለማንኛውም ነገሩ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ የሐበሻ ልጅ የሚያልፍለት በራሱ ጥረት ነው።

ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈ ነው። ስድብ የለበትም፤ ማንንም አያዋርድም። መልስ ልጻፍ ያልኩትም ለዚህ ነው። የምስማማበት ቦታ አለ፤ እሱን አልደብቅም። የመጨረሻውን ነጥብ ሳነብ ግን ሆዴ ተላወሰ። ብዙዎቻችን ያለ ክርክር የምንቀበለው እሱን ስለሆነ በደንብ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የቴክሳሱ ሕግ ሴኔት ቢል 17 ይባላል። ያቀረቡት ሴናተር ብራንደን ክሬይተን ናቸው። ገዥው ግሬግ አቦት ጁን 2023 ላይ ፈረሙት፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዲኢአይ ቢሮ እንዳይኖረው ይከለክላል። ለዚህ ሥራ ሰው መቅጠርም ሆነ በኮንትራት ማሠራት አይቻልም። የግዴታ ሥልጠናም ቀርቷል። የስቴቱ ኦዲተር እያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ በ4 ዓመት አንዴ ይመረምራል። ጥፋት ተገኝቶበት በ180 ቀን ውስጥ ያላስተካከለ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀጣዩ የሁለት ዓመት በጀት ሊጨመርለት የሚችለውን ገንዘብ ያጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። ሁሉ ነገር የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

የፍሎሪዳው ሴኔት ቢል 266 ነው። ገዥው ሮን ዲሳንቲስ ሜይ 15 ቀን 2023 ሳራሶታ ከተማ፣ ኒው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሆነው ፈረሙት። እሱ በቀጥታ የመጣው ገንዘቡ ላይ ነው፤ የስቴትም ሆነ የፌዴራል ገንዘብ ዲኢአይን ለሚያራምድ ፕሮግራም አይወጣም ይላል። በ2024 ዩታና አላባማ፣ በ2025 ደግሞ ኦሃዮ የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ሌሎችም አሉ።

እንግዲህ «ገንዘቡ ይድናል» ወደሚለው እንግባ። ገንዘቡ የት እንደገባ እንከተለው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ማርች 1 ቀን 2024 የዋና የብዝኃነት ኃላፊውን ቢሮ ዘጋ። 13 የሙሉ ጊዜ የሥራ መደቦች ታጠፉ። ተረፈ የተባለው ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ወደ መምህራን መመልመያ ፈንድ ዞረ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ቻፕል ሂል የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቦርድ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ከዲኢአይ አንሥቶ ለግቢው ፖሊስና ጸጥታ እንዲውል ወሰነ። መምህር መቅጠር ጥሩ ነው። የግቢ ጸጥታም የሚናቅ ነገር አይደለም። ግን በሁለቱም ቦታ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው የዞረው። ለታክስ ከፋዩ የተመለሰ የለም። የልጃችሁ የትምህርት ክፍያ ሒሳብ ላይም አታገኙትም። የእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ በጀት በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው። ከዚያ ላይ 5 ሚሊዮን ማለት ምን ያህል እንደሆነ አስሉት።

«ውድድሩ በችሎታ ይሆናል» የሚለውን ማን ይቃወማል? እኔም አልቃወምም። ችግሩ እነዚህ ሕጎች ስለዚያ አለመሆናቸው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ የከለከለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ጁን 29 ቀን 2023፣ በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበው ክስ። ውሳኔው የሚሠራው በመላው አገሪቱ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥማ ነገሩ የቀረው ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ጄብ ቡሽ ገዥ ሳሉ በ1999 ባወጡት ትእዛዝ። የቴክሳሱ ሕግ ደግሞ ራሱ፣ የተማሪ ምልመላና ቅበላን አልመለከትም ብሎ በግልጽ ጽፏል። በሥራ ቅጥር ላይ በዘር ማዳላትም ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ክልክል ነው። ስለዚህ የማን ልጅ ወንበር ለማን ተሰጠ የሚለው ሙግት እዚህ ቦታ የለውም። እነዚህ ሕጎች የሚነኩት ልጁ ከገባ በኋላ ማን ያግዘዋል የሚለውን ነው።

አሁን የምስማማበት። ጸሐፊው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አመልካቾችን ስለ ብዝኃነት ያላችሁን አቋም ጻፉ እያሉ ያስገድዱ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ በብዙ ቦታ ይደረግ ነበር። ጥሩ አልነበረም። የኬሚስትሪ መምህር ሲቀጠር የሚመዘነው በኬሚስትሪው ነው። ከእኛ ውስጥ ለሥራ ዕድገት የፓርቲ አባልነት ፎርም የሚሞላበትን ዘመን ያየ ሰው ይህ ነገር ምን እንደሚሸት ያውቃል። አባቴ ፎርሙን አልሞላም ብሎ 9 ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ቴክሳስ ይህን መከልከሏን እደግፋለሁ። ነገር ግን ይህን ለማስቀረት ቢሮ ማፍረስ አያስፈልግም። ኤምአይቲ ሜይ 2024 ላይ ማንም ሕግ ሳያስገድደው በራሱ አቁሞታል። ሕጉ ይህን አንቀጽ ብቻ ይዞ ቢወጣ ኖሮ እኔም ብዕር አላነሣም ነበር።

ከጸሐፊው ጋር በጣም የምንለያየው «ትምህርቱም ማኅበራቱም አልተነኩም» በሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው ሕጉን አንብበዋል፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው እንዳሉት ነው። በክፍል የሚሰጥ ትምህርት፣ ምርምር፣ የተማሪ ማኅበራት እንቅስቃሴ ከክልከላው ውጭ ናቸው። እኔ ግን ወረቀቱ ግቢ ሲገባ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የብዝኃነትና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ክፍል ነበረው። ሕጉ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው የክፍሉን ስም የግቢና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ክፍል ብሎ ቀየረው። ሥራውንም ከሕጉ ጋር እንዲስማማ አድርጎ አደራጀው። የመድብለ ባህል ማዕከሉን በዚያው ጃንዋሪ ዘጋው። ተማሪዎች በየባህላቸው የሚያዘጋጁት የምረቃ በዓል ከዩኒቨርሲቲው የሚያገኘው ድጋፍ ተቋረጠ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ተሯሯጡ። ማርች መጨረሻ ላይ ሴናተር ክሬይተን ለዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ደብዳቤ ጻፉ። ስም መቀየር ብቻ ሕጉን ማክበር አይደለም የሚል ነው፤ ገንዘብ ሊቀርባችሁ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያም አለበት። በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 2 ቀን፣ ክፍሉ ጭራሽ ተዘጋ። ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞች ተሰናበቱ። ከእነሱ ውስጥ አስቀድሞ ወደ ሌላ ሥራ የተዛወሩ ነበሩ። በዚያው ወር በዳላስ አካባቢ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍም አንድ ቢሮ ዘግቶ 20 ያህል የሥራ መደቦችን አጠፈ።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን አምጧት። ኦዲት፣ 180 ቀን፣ የሚቀር ገንዘብ። እናንተ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የተፈቀደውና የተከለከለው የሚለይበት መስመር ጥርት ብሎ አይታይም። መስመሩን ከረገጣችሁ የሚቀርባችሁ ገንዘብ ብዙ ነው። ከመስመሩ አሥር እርምጃ ርቃችሁ ትቆማላችሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። በእነዚህ አሥር እርምጃዎች መሐል ያለው ሁሉ በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ግን ማንም አይሠራውም። ሕጉ እጁን ዘርግቶ ሳይነካው የሚቋረጠው ሥራ እሱ ነው። ዩታ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የጥቁሮች የባህል ማዕከሉንና የሴቶች መርጃ ማዕከሉን ዘጋ።

ፍርሃቱ ሕጉን ሲቀድመውም አይተናል። ካትሊን ማክኤልሮይ የተባሉ ጥቁር ጋዜጠኛና ፕሮፌሰር አሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሠርተዋል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ፕሮግራሙን እንዲመሩለት ጁን 2023 ላይ ወሰዳቸው። ራሳቸው የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ፊኛ ተሰቅሎ፣ ሰው ተሰብስቦ በአደባባይ ፈረሙ። ከዚያ ስለ ብዝኃነት ያላቸው አቋም ተነሣና ጫና መጣ። ቋሚ የነበረው ሹመት መጀመሪያ ወደ 5 ዓመት ኮንትራት ወረደ። ቀጥሎ በማንኛውም ጊዜ ሊቋረጥ ወደሚችል የ1 ዓመት ኮንትራት። ሴትዮዋ በቃኝ ብለው ተዉት። ነገሩ ሲገለጥ ፕሬዝዳንቷ ካትሪን ባንክስ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ዩኒቨርሲቲው ስህተት መፈጸሙን አምኖ ለማክኤልሮይ 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የተቀጠሩት ጋዜጠኝነት ሊያስተምሩ ነው፤ ለዲኢአይ ቢሮ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ገና 5 ወር ይቀረው ነበር።

«ትምህርቱ አልተነካም» የሚለውም አልቆየም። የፍሎሪዳው ሕግ ከመጀመሪያው ሁሉም ተማሪ በሚወስዳቸው መሠረታዊ ኮርሶች ይዘት ላይ ገደብ ነበረው። ጃንዋሪ 2024 ላይ የስቴቱ የዩኒቨርሲቲዎች ገዥ ቦርድ የሶሲዮሎጂ መግቢያ ኮርስን ከእነዚያ ኮርሶች ዝርዝር አወጣው፤ በቦታው የአሜሪካ ታሪክ ኮርስ ገባ። ቴክሳስ በ2025 ሴኔት ቢል 37ን አወጣች። አቅራቢው እኒያው ክሬይተን ናቸው። ይህኛው ገዥው የሚሾሟቸው ቦርዶች በመሠረታዊ ኮርሶች ላይ ያላቸውን ሥልጣን አሰፋ። የኦሃዮው ሴኔት ቢል 1 ደግሞ ከዲኢአይ ጋር አብሮ የመምህራንን የሥራ ማቆም አድማ ከለከለ። በ2023 «ክፍል ውስጥ አንገባም» የተባለው በ2025 በሩን አልፎ ገብቷል። ጸሐፊውም ይህን እንዲያስቡበት እለምናቸዋለሁ።

ስለ ውጤት የጻፉት ጠንካራው ነጥባቸው ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ጠቅሰዋል። ዩኒቨርሲቲው ከ2016 ጀምሮ ለዲኢአይ ወደ ሩብ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዳወጣ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2024 ዘግቧል። የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ግን ይህን ያህል አልተነቃነቀም። ቁጥሩን አልክድም፤ እንዲያውም ያበሳጨኛል። ግን ከጀርባው ያለውን አንድ ነገር ጸሐፊው አላነሡም። ሚሺጋን ውስጥ ዘርን ከግምት ያስገባ ቅበላ በ2006 በሕዝብ ድምፅ ታግዷል። በዚያ ዓመት አን አርበር ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከነበሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ጥቁሮች 7 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2021 ወደ 4 በመቶ ወርደዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም፣ ስቴቱ በ1996 ተመሳሳይ እገዳ ከጣለ በኋላ፣ ለዚሁ ሥራ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቻለሁ ብሎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አስረድቷል፤ የወረደውን ለመመለስ ነው ይህን ሁሉ ያወጣው። በር ተዘግቶ በመስኮት ሰው ለማስገባት ሲታገሉ ወጪው ይበዛል፤ የሚገባው ሰውም ጥቂት ነው።

ደግሞም ገንዘቡ በስብሰባና በሰነድ ካለቀ፣ ከዚያ ወጥቶ ተማሪው ጋ ይድረስ ማለት ይቻላል። እኔ ብጠየቅ እንዲህ ነው የምለው። የፍሎሪዳው ሕግ እንዲያውም ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አለው። ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ዩኒቨርሲቲ ለገቡ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ የቀድሞ ወታደር ለሆኑ ተማሪዎች የሚደረግ ድጋፍ ይቀጥል ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው፤ ከልቤ ነው። ግን አንቀጹን ወደ ሥራ የሚቀይረው ሰው ነው። የተሰናበተው ደግሞ ሰው ነው።

አሁን ሆዴን ወዳላወሰው ነጥብ። «የእኛ ጉዳይ አይደለም።»

በ2022 የእህቴ ልጅ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ስሙን አልጠራም። እናቷ ኤርፖርት ፓርኪንግ ነው የምትሠራው፤ የሌሊት ሽፍት። አባቷ አዲስ አበባ ነው ያለው። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ሒሳብ ላይ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ግን ካልኩለስ ሊጥላት ደረሰ። ለምን ፕሮፌሰሩን ቢሮ ሄደሽ አትጠይቂውም ብላት ደነገጠች። ቢሮ መሄድ ማለት ለእሷ ጥፋት አጥፍቶ መጠራት ነው። እኛ አሳድገናት እንዲህ ሆነች። እኛ ስንማር ቢሮ የምንጠራው «ወላጅ አምጣ» ልንባል ነበር እኮ።

ቢሮ መሄድ ጥፋት እንዳልሆነ የነገራት ከእኛ ውስጥ ማንም አይደለም። የመድብለ ባህል ቢሮ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ፕሮፌሰሩ በሳምንት ሁለት ቀን በሩን ከፍቶ የሚቀመጠው አንቺን ሊጠብቅ ነው፤ ለዚህም ይከፈለዋል፤ ሂጂ አለቻት። አብራት እስከ በሩ ሄደች። ልጅቷ ኮርሱን በቢ አለፈችው።

እኔም ያችን ሴትዮ አንድ ቀን አግኝቻታለሁ። ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ይዘን ሄድን። እኛ ጠቅላላ ድምሩን አይተን ተደስተን ነበር። ሴትዮዋ እርሳስ አነሣች። መስመር በመስመር ወረደች። ይህ ስጦታ ነው፣ ይህ ስጦታ ነው እያለች አለፈች። ከዚያ ሁለት መስመር ላይ ክብ አደረገች። ይህ ብድር ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ገና እየተማርሽ ወለዱ የሚቆጠር ብድር ነው አለች። የሁለተኛውን ግማሽ አትውሰጂ፣ አያስፈልግሽም ብላ አስላችላት። ይህን ሁሉ ለመሥራት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ጸሐፊው «ርዕዮተ ዓለም» ብለው የጠሩት ቢሮ ውስጥ ያየሁት ይህን ነው። ስለ ዘር አንድ ቃል አልተነገረም።

በ2024 መጀመሪያ ላይ የልጅቷ ታናሽ ወንድም ተራው ደረሰ። ያን ጊዜ የነበረውን የፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም፣ ጣጣ ያየ ወላጅ አይረሳውም። በየዓመቱ ኦክቶበር 1 የሚከፈተው ፎርም ተቀይሮ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ነው የተከፈተው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ ያለበት ቤተሰብ ጭራሽ ፎርሙን መጨረስ አቃተው። የልጁ አባት አዲስ አበባ ነው፤ ቁጥር የለውም። ተጣበቅን። ያችን ሴትዮ ፈልገን ሄድን። በሩ ተቆልፏል። ከግድግዳው ላይ የስሙ ሰሌዳ ተነሥቷል፤ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ይታያል። ፋፍሳው የተከፈተውና ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በሁለት ቀን ልዩነት ነው። የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው አልተዘጋም፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። ስልኩ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠብቀን አንድ ወጣት አነሣልን። ትሑት ልጅ ነው። ድረ ገጹን እንድናይ ነገረን።

ጸሐፊው የሐበሻ ልጅ የሚያልፍለት በጥረቱ ነው ይላሉ። ጥረቱንስ አውቀዋለሁ፤ እናትየው በሌሊት ሽፍት ስታሳድጋቸው አይቻለሁ። ጥረት ግን የትኛው መስመር ብድር እንደሆነ አይነግርም። ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ዕውቀት ውስጥ ይህ የለም። የሚያውቅ ሰው ማሳየት አለበት። ያሳየችን ደግሞ የእኛ ሰው አልነበረችም፤ ጉዳዩን የራሷ አድርጋ ነው የተቀበለችን።

ወደ ኋላም እንመልከት። ሂማን ስዌት የተባለ ጥቁር ሰው በ1946 ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት አመለከተ። በቆዳው ቀለም ተከለከለ። ከሰሰ። ስቴቱ እሱን ላለማስገባት ሲል ለጥቁሮች የተለየ የሕግ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 5 ቀን 1950 ለስዌት ፈረደ። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች እዚያ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት ደግሞ በ1956 ነው። ዛሬ የእኛ ልጆች በዚያ በር ሲገቡ ማንም አያስቆማቸውም። በሩን ያስከፈተው ስዌት ነው። ወደ አሜሪካ የገባንበት በርም ቢሆን እንዲሁ ነው። በየአገሩ ኮታ እየለየ አፍሪካዊን የሚያስቀር የነበረው የኢሚግሬሽን ሥርዓት የቀረው በ1965 ነው፤ የሲቪል መብት ትግሉ ድል ባደረገበት ወቅት።

ከመካከላችን ስንቱ በዲቪ መጣ? እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት። ፒያሳ የኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ፎቶዬን ያስተካከለልኝ ልጅ ፊቱ ትዝ ይለኛል። ዲቪ ስንል «ዲ»ዋ ዳይቨርሲቲ የምትለው ቃል ናት። በ1990 የወጣው ሕግ ብዙ ስደተኛ ልከው ለማያውቁ አገሮች ሰዎች በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ መደበ። አንድ አገር ከተለያየ ቦታ ሰው ቢኖረው ይጠቅመዋል ተብሎ ነው። በዚያ ቃል ገብተን ልጅ ወልደን ካሳደግን በኋላ፣ ቃሉ ለሌላው ሲሆን ገንዘብ ማባከን ነው ማለት ለእኔ ከብዶኛል። ጸሐፊውን በዚህ ልወቅሳቸው አልፈልግም፤ እርሳቸው በምን እንደመጡ አላውቅም። ግን በዕድራችን፣ በቤተ ክርስቲያናችን፣ በመስጊዳችን ካለው ሰው ስንቱ በዚህ መንገድ እንደመጣ እርሳቸውም ያውቃሉ።

ያችን ሴትዮ ከዚያ በኋላ አላገኘናትም። ሌላ ስቴት ሥራ አግኝታ ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ።

የልጁ ፋፍሳ በስንት ጣጣ ኤፕሪል ውስጥ አለቀ። የድጋፍ ደብዳቤው ሲመጣ እናቱ ከሌሊት ሽፍት ገብታ ነበር፤ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እህቱ እርሳስ አመጣች። ይህ ስጦታ ነው፣ ይህ ስጦታ ነው እያለች ወረደች። ሁለት መስመር ላይ ክብ አደረገች።